ቁልፉን ከተረከቡ በኋላ

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጠዋት ነው። ማታ መቶ በመቶ ሞልታ ከቻርጀር የተነቀለች አዲስ መኪና፣ ሲነጋ በር አልከፍት ትላለች። ቁልፉ ይጫናል፤ ፍሬቻው ብልጭ አይልም። እጀታው በሩ ውስጥ እንደተጋደመ ይቀራል። ሰሚት አካባቢ መድኃኒት ቤት ያላት ባለቤቲቱ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት ማድረስ አለባት፤ ቦርሳቸውን አዝለው አጠገቧ ቆመዋል። ሻጩ ዘንድ ትደውላለች።

ስትገዛ «እህቴ፣ ቡና ይምጣልሽ» ሲል የነበረው ሰው አሁን ስልኩን የሚያነሳው ተደጋግሞ ከተደወለለት በኋላ ነው። «ኢንጂነሩ መስክ ወጥቷል፤ እስኪመለስ ማንም እንዳይነካው፣ ዋስትናው ይቋረጣል» ይላታል። መቼ ነው የሚመለሰው? «እንደውልልሻለን።» አይደውሉም። ከሰዓት ራሷ ስትደውል «ከቻይና መልስ እየጠበቅን ነው» ይሏታል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ድምፅ «ባትሪው ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ይዘጋል። የባትሪ ዋጋ የመኪናውን ዋጋ ሲሶ ሊደርስ እንደሚችል ከሰው ሰምታለችና ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

በሦስተኛው ቀን የሰፈር ኤሌክትሪሺያን ይመጣል። የሪሞት ቁልፉን ገልበጥ አድርጎ ከጎኑ የተደበቀችውን ቀጭን የብረት ቁልፍ ይስባል፤ ከእጀታው ጫፍ ያለችውን የፕላስቲክ ክዳን በጥፍሩ ፈልቅቆ በሩን በእጁ ይከፍታል። ኮፈኑን ያነሳል። ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ትንሽ ባትሪ ከሌላ መኪና ባትሪ ጋር በሽቦ ያገናኛል። ስክሪኑ ቦግ ይላል። «እትዬ፣ ትንሿ ባትሪ ናት የደከመችው» ይላታል። ትልቁ ባትሪ እንዳለ ነው፤ መቶ በመቶ።

ይህ የአንዲት ሴት ገጠመኝ ብቻ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ያላቸው ሰዎች ተገናኝተው ሲጨዋወቱ ዝርዝሩ እየተለዋወጠ የሚመላለስ ታሪክ ነው። ምክንያቱም ውስብስብ አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ሁለት ዓይነት ባትሪ አላት። አንደኛው ከወለሉ ሥር የተነጠፈው፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ300 እስከ 400 ቮልት የሚሆነውና ሞተሩን የሚያንቀሳቅሰው ነው። ሁለተኛው በማንኛውም የቤንዚን መኪና ውስጥ የምናውቀው የ12 ቮልት ባትሪ ሲሆን፣ በሩን፣ መብራቱን፣ ኮምፒውተሮቹንና ከሁሉ በላይ ትልቁን ባትሪ ከመኪናው ጋር የሚያገናኙትን ማብሪያዎች የሚያሠራው እሱ ነው። ትንሿ ከሞተች ማብሪያዎቹ አይሠሩም፤ ትልቁ ባትሪ የቱንም ያህል ቢሞላ ከመኪናው ጋር ተቆራርጦ ይቀመጣል። ጎተራው ሙሉ ነው፤ የጎተራው ቁልፍ ግን የለም።

ይህን በስልክ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃ ነበር። የብረት ቁልፏ የት እንዳለች፣ ኮፈኑ እንዴት እንደሚነሳ፣ ሽቦው የት እንደሚያያዝ መናገር ብቻ ነው። ሻጩ ያን አምስት ደቂቃ ስላልሰጠ ሁለት ልጆች በኮንትራት ታክሲ ትምህርት ቤት ሄዱ፣ መድኃኒት ቤቱ ዘግይቶ ተከፈተ፣ አንዲት እናት ደግሞ ያጠራቀመችው ገንዘብ ሁሉ በኖ የጠፋ መስሏት አደረች። የኤሌክትሪክ መኪና ገዢዎች ቅሬታ ሲመረመር ብዙው እንዲህ ያለ ነው። ብልሽቱ ትንሽ፣ ዝምታው ግን ትልቅ ነው።

ኢትዮጵያ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና የገባችው በሩጫ ነው። በ2012 ዓ.ም. ማራቶን ሞተርስ የሃዩንዳይን የኤሌክትሪክ አዮኒክ እዚሁ አገር ገጣጥሞ ሲያቀርብ ነገሩ ገና ብርቅ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴትና ከሱር ታክስ ነፃ አደረጋቸው፤ የጉምሩክ ቀረጡንም ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚመጡት ወደ 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት ወደ 5 በመቶ አወረደው፤ ክፍላቸው ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠሙት ደግሞ ጨርሶ አነሳው። ከዚያ በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዚህ ውሳኔ ኢትዮጵያ በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች።

የውሳኔው ምክንያት ጠንካራ ነው። ለነዳጅ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ዶላር ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከገዛ ወንዛችን ይመነጫል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መንግሥት በአገሪቱ ከ100 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች እንዳሉ ይናገራል፤ ቦሌ መንገድ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆመ ሰው ይህን አይጠራጠርም። ሆኖም ምን ይግባ የሚለው ጥያቄ በአንድ ጊዜ ሲመለስ፣ ከገባ በኋላ ማን ይጠየቅበት የሚለው በተግባር ለገዢውና ለዕድሉ ተተወ።

ለዚህ ከመንገድ ላይ ካሉት መኪኖች አንዱን ብቻ ማየት ይበቃል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ሰው የሚይዘው የቮልስዋገን አይዲ ሲክስ በየማዕዘኑ ይታያል። ይህ መኪና የተሠራው ለቻይና ገበያ ብቻ ነው፤ የሚያመርቱትም ቮልስዋገን ከኤፍኤደብሊውና ከሳይክ ጋር ያቋቋማቸው ሁለት የሽርክና ኩባንያዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 አንድ ነጋዴ 22 አይዲ ሲክሶችን ከቻይና አስመጥቶ ጀርመን ውስጥ ሊሸጥ ሲነሳ፣ ቮልስዋገን ራሱ በፍርድ ቤት አግዶት መኪኖቹ እንዲወገዱ መጠየቁ በጊዜው ተዘግቧል። የጀርመኑ ፋብሪካ በገዛ አገሩ «ይህ መኪና ለዚህ ገበያ አልተሠራም» ያለውን መኪና፣ የአዲስ አበባ ገዢ ግንባሩ ላይ ያለውን ዓርማ አይቶና የጀርመን ጥራት ብሎ ይገዛዋል። ዓርማው ሐሰት አይደለም። ከዓርማው ኋላ ይኖራል ተብሎ የሚታሰበው ተጠሪ ግን የለም።

ለአንድ አገር የተሠራ መኪና ሌላ አገር ሲገባ ምን እንደሚጎድለው ገዢው የሚያውቀው ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ ስክሪኑ ቻይንኛ ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚቀይር ባለሙያ ተፈልጎ ይከፈለዋል። ካርታው ቤጂንግን እንጂ መገናኛን አያውቅም። የስልክ መተግበሪያው በቻይና ስልክ ቁጥር ካልሆነ አይመዘግብም፤ ስለዚህ መኪናው ከሩቅ አይታይም፣ ከፋብሪካው በአየር የሚላክለት የሶፍትዌር ማሻሻያም አይደርሰውም። የቻርጁ ሶኬት ቻይና የምትጠቀምበት ጂቢቲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ለአውሮፓ ገበያ ተሠርቶ የመጣው መኪና ግን ሲሲኤስ ሁለት የሚባለውን ይዟል። ጂቢቲ ብቻ ባለበት ጣቢያ የደረሰ የአውሮፓ ስሪት መኪና ቻርጅ ሳያደርግ ይመለሳል። ይህን ሁሉ ሻጩ ያውቃል። ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት በአንድ ገጽ ጽፎ ቢሰጥ ኖሮ ከቅሬታው ግማሹ ባልተነሳ።

ርቀቱም ሌላው የመጋጫ ሰበብ ነው። «አንዴ ሞልቶ 600 ይሄዳል» ተብሎ የተሸጠ መኪና 400 ሳይሞላ ሲለምን ገዢው ተታለልኩ ብሎ ይመጣል፤ የአገልግሎት ሠራተኛው ደግሞ «አነዳድህ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ ማስረዳቱ ደግሞ የሻጩ ግዴታ ነበር። ቻይና ውስጥ ርቀት የሚለካበት ሲኤልቲሲ የሚባለው ዘዴ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፍተኛው 114 ነው። እርጋታ የበዛበት የከተማ አነዳድ ነውና በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ያን ቁጥር አያገኘውም። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች። 2 ቶን የሚመዝን መኪና ያን ከፍታ ለመውጣት ብቻ፣ የነፋሱና የጎማው ግጭት ሳይቆጠር፣ ከ3 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይበላል፤ ያ ኃይል ደልዳላ መንገድ ላይ 15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር ያስኬድ ነበር። ሲወርድ የተወሰነው በፍሬን ኃይል ተመልሶ ወደ ባትሪው ይገባል፤ ስለዚህ ሲሄዱ የደስ ደስ የሚለው መኪና ሲመለሱ ያስደነግጣል። ይህን የተነገረው ገዢ መንገዱን አስቦ ይወጣል። ያልተነገረው ሞጆ ላይ ቆሞ ይደውላል።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ እንዳይመስል፣ በዘርፉ ትልቅ ስም ያለው ቴስላ የሠራውን ማንሳት ያስፈልጋል። ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ባወጣው የምርመራ ዘገባ፣ ኩባንያው ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ቡድን አቋቁሞ እንደነበር አጋልጧል። የቡድኑ ሥራ መኪናዬ የተባለውን ርቀት አይሄድም ብለው የጥገና ቀጠሮ የያዙ ደንበኞችን ደውሎ ቀጠሯቸውን ማሰረዝ ነበር። በዘገባው መሠረት ሠራተኞቹ ቀጠሮ ባሰረዙ ቁጥር ስልኩን ድምፅ አልባ አድርገው የብረት ዛይሎፎን እየመቱ ይደሰቱ ነበር። ደንበኛው በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ ትዕግሥቱ ተሟጦ ሲጠብቅ፣ ወዲህ በኩል ይጨበጨባል። ገንዘቡን አምኖ በሰጠ ሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው፤ በየትም አገር ይሁን።

ጉዳዩ የኢትዮጵያ ብቻ አለመሆኑን ቁጥሩም ያሳያል። የአሜሪካው የጥናት ድርጅት ጄዲ ፓወር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የአዲስ መኪኖች ጥራት ጥናት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች በ100 መኪና 180 ችግር ሲመዘገብባቸው፣ ሙሉ በሙሉ በባትሪ የሚሠሩት 266 ተመዝግቦባቸዋል። ሞተሩ ከቤንዚን ሞተር እጅግ ያነሱ ተንቀሳቃሽ ክፍሎች ያሉት፣ ዘይት የማይቀየርለት፣ ሻማ የሌለው መኪና ለምን የበለጠ ቅሬታ ይነሳበታል? ትልቁ ድርሻ የስክሪኑና የሶፍትዌሩ ነው። የመስኮት ውኃ መጥረጊያውን ለማስነሳት እንኳ ስክሪን ውስጥ መግባት በሚጠይቅ መኪና፣ ስክሪኑ ሲደነዝዝ ሁሉም ነገር ይደነዝዛል። ለእንዲህ ያለው በሽታ መዶሻና ቁልፍ አይረዱም። የፋብሪካው ኮምፒውተር፣ የይለፍ ቃልና ፈቃድ ያለው ሰው ያስፈልጋል።

ችግሩ ከሌላ መኪና የሚለየው እዚህ ላይ ነው። አሮጌዋ ኮሮላ ስትበላሽ ባለቤቷ ከሻጩ ጋር ተኮራርፎም ቢሆን መውጫ ነበረው። መካኒክ በየሰፈሩ አለ፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ገብቶ ዕቃውን በዓይኑ አይቶ፣ ተከራክሮ ይገዛል። ሊብሬው በስሙ ነው፤ መኪናው በእርግጥም የእሱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ግን ሊብሬው በስሙ ሆኖም የስህተት ኮዱን የሚያነብለት፣ የተቀየረውን ክፍል ኮምፒውተሩ እንዲቀበለው የሚያደርግለት ሰው ከሌለ የመኪናው ቁልፍ ብቻ ነው ያለው። ከሽያጭ በኋላ የሚሰጠው አገልግሎት እንግዲህ እንደ ምርቃት የሚታይ ነገር አይደለም። የተሸጠው መኪና አካል ነው፤ ያለ እሱ የተሸጠ መኪና ጎዶሎ ሆኖ ተሽጧል።

የመለዋወጫውን ጣጣ ማንም ያውቀዋል፤ ባጭሩ ማንሳት ይበቃል። ስፖኪዮ ተገጨ እንበል። ድሮ መስታወትና ፕላስቲክ ነበር፤ ዛሬ ካሜራ፣ ማሞቂያና ማጠፊያ ሞተር አለበት። ፓራውልቱ ውስጥ ራዳር ተቀብሯል፤ ተፈቶ ሲገጠም መስተካከል ይፈልጋል። ዕቃው አገር ውስጥ ካልተገኘ ዱባይ ያለ ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ይለመናል፤ የባሰም እንደሆነ ጓንጁ ይታዘዛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር ያልጨመረው ዕቃ እንኳ በብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ትልቁ ባትሪ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። የሊቲየም ባትሪ በዓለም አቀፍ የማጓጓዣ ደንብ አደገኛ ጭነት ተብሎ የተመደበ ሲሆን፣ የተጎዳ ከሆነ በአውሮፕላን አይጫንም። «ለምርመራ ወደ ፋብሪካው እንልከዋለን» የሚል ሻጭ ይህን አውቆ ይናገር እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ መሐል የሚያስመሰግን ሥራ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ብዙዎቹ የቤንዚን ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ናቸው፤ በትርፍ ጊዜያቸው ከቻይንኛ መመሪያ ጋር እየታገሉ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገናን ለራሳቸው ያስተማሩ። ሥራውን በቅርብ ያየ ሰው ጥንቃቄው ይገባዋል። ባለሙያው መጀመሪያ ቀለበቱንና ሰዓቱን ያወልቃል። የ12 ቮልቱን ባትሪ ይነቅላል፤ ቀጥሎ የከፍተኛ ቮልቴጁን መቁረጫ መሰኪያ ስቦ ሌላ ሰው እንዳይመልሰው ኪሱ ይከተዋል። ከዚያ ምንም ሳይነካ ደቂቃዎች ይጠብቃል፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ድረስ። እስከ 1,000 ቮልት የሚከላከል የጎማ ጓንት አጥልቆ፣ በመለኪያው ዜሮ መሆኑን አረጋግጦ ነው ብርቱካናማዎቹን ሽቦዎች የሚነካው። ብርቱካናማው ቀለም «እዚህ ላይ ሞት አለ» ማለት ነው። ጓንትና መለኪያ የሌለው ጋራዥ «አልችልም» ብሎ ሲመልስ ባለመኪናው መናደድ የለበትም፤ ያ መካኒክ ሐቀኛ ሰው ነው። መናደድ የሚገባው ገንዘቡን ተቀብሎ ሲያበቃ አንድም እንዲህ ያለ ባለሙያ ባልቀጠረው ሻጭ ላይ ነው።

ኩባንያው ራሱ ሲጠፋስ? ይህም የደረሰ ነገር ነው። ፊስከር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦሽን የተሰኘውን መኪናውን ኦስትሪያ፣ ግራትስ ከተማ ውስጥ ያስመርት ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። በብዙ አሥር ሺህ ዶላር የገዙት ባለቤቶች ጥሪ የሚቀበል ስልክ፣ የሚታዘዝ መለዋወጫ፣ ሶፍትዌሩን የሚጠብቅ ሰው አጡ። ዝም ብለው ግን አልተቀመጡም፤ ማኅበር አቋቁመው ክፍሎችን በጋራ እያፈላለጉ፣ ለሶፍትዌሩ ባለሙያ እየፈለጉ ተያያዙት። ቻይና ውስጥ ደግሞ ደብሊውኤም ሞተር የተባለው የመኪና አምራች እ.ኤ.አ. በ2023 ለኪሳራ ሲያመለክት ባለቤቶቹ መኪናቸውን የሚያገናኙበት መተግበሪያ ተስተጓጎለባቸው። አዲስ አበባ ውስጥ በየወሩ አዲስ ስም ያለው የቻይና መኪና ሲታይ፣ ከእነዚህ ስሞች ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚቀሩት የትኞቹ እንደሆኑ ማሰብ የገዢው ፋንታ ሆኗል።

የደኅንነት ጥሪ የሚባለው ነገር ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ቶዮታ ቢዚፎርኤክስ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪናውን፣ ወደ 2,700 የሚሆነውን፣ የጎማው ማሰሪያ ብሎኖች ሊላሉና ጎማው ሊወልቅ ይችላል ብሎ ጠራ። ባለቤቶቹ መንዳት እንዲያቆሙ ተነገራቸው፤ አሜሪካ ያሉት መኪናቸውን መልሰው እንዲሸጡለት እንኳ ተጋበዙ። ይህ ሊሆን የቻለው እያንዳንዱ መኪና በሻንሲ ቁጥሩ፣ በባለቤቱ ስምና ስልክ ተመዝግቦ ስለሚገኝ ነው። በደላላ እጅ ሦስት ቦታ ዞሮ አዲስ አበባ የደረሰ መኪና በማን መዝገብ ላይ ነው ያለው? ቼንግዱ ለሚኖረው ባለቤት «መኪናህን አምጣ» የሚለው መልእክት በቻይንኛ ተልኮ ሲደርሰው፣ ያንኑ ሞዴል ቃሊቲ ላይ የሚነዳው ሰው ጎማውን አምኖ ይከንፋል።

ሕጉ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዢው ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል፤ ካስታወቀ በኋላ ክሱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካላቀረበ መብቱን ያጣል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ጽፏል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል።

አሁን «እንደውልልሻለን» የሚለውን ቃል በእነዚህ ቀናት ፊት ማየት ነው። 15 ቀን አጭር ነው። ኢንጂነሩ መስክ ወጥቶ ሲመለስ አንድ ሳምንት ይሄዳል፤ ከቻይና መልስ ሲጠበቅ ሌላው ያልቃል። ሁሉም በስልክ ስለሆነ ገዢው ቅሬታውን ማቅረቡን የሚያሳይ ቁራጭ ወረቀት የለውም። ስለዚህ የደንበኛ ማጉላላት የምግባር ጉድለት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ የሰውን ሕጋዊ ጊዜ የሚበላ ነገር ነው። ሻጩ ሆነ ብሎ ባያደርገውም ውጤቱ አይለወጥም። የመድኃኒት ቤቷ ባለቤት ያን ጠዋት ማድረግ የነበረባት የመጀመሪያው ነገር መደወል ሳይሆን መጻፍ ነበር። የሻንሲ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ የደረሰውን ብልሽት ከፎቶ ጋር አድርጋ በደብዳቤ ማስገባት፣ በግልባጩም ላይ «ደርሶናል» የሚል ፊርማና ማኅተም ማስመታት ነበረባት። አልቀበልም ካሉ በአደራ ፖስታ መላክ ይቻላል።

ከዚያም በፊት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ ገንዘቡ ገና በገዢው እጅ ሳለ። መኪና ሻጮች ዘንድ «ሁለት ዓመት ዋስትና አለው» የሚል ቃል ይሰማል፤ ውሉ ላይ ግን አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። ዋስትናውን የሰጠው ማን ነው፣ ፋብሪካው ወይስ አስመጪው? ቻይና ውስጥ የመንገደኛ መኪና ባትሪ፣ ሞተርና መቆጣጠሪያ ቢያንስ ለ8 ዓመት ወይም ለ120 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዲሰጣቸው መንግሥት አምራቾችን ያስገድዳል። ያው መኪና ጅቡቲ ወደብ ሲራገፍ ያ ዋስትና አብሮት እንደማይወርድ ለገዢው በግልጽ መነገር አለበት፤ አስመጪውም ከራሱ ኪስ የሚሰጠው ምን እንደሆነ በኪሎ ሜትርና በዓመት ይጻፍ። የባትሪው ጤና ርክክብ ዕለት ተለክቶ በመቶኛ ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ሁለት ዓመት መርከብና መጋዘን ውስጥ የቆመ መኪና «አዲስ» ተብሎ የሚሸጥበት ገበያ ነውና። መኪናው ሲቆም በስንት ቀን ባለሙያ እንደሚላክ፣ ካልተላከ ገዢው ሌላ ዘንድ ቢያስጠግን ዋስትናው እንደማይቋረጥ ይጻፍ። ይህን ውል አልፈርምም የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል፤ ገዢው ወደሚቀጥለው ሱቅ መሄድ ይችላል።

የግለሰብ ውል ግን ሁሉን አይችልም። በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ይዞ የመጣ ሰው እንኳ ብቻውን ሲደራደር ደካማ ነው፤ በዕቁብና በብድር አሰባስቦ የገዛው የራይድ ሹፌር ደግሞ ከዚያ ያንሳል። መኪናው በቆመ ቁጥር የእሱ የቀን ገቢ ይቆማል፣ ዕዳው ግን አይቆምም። ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ለመኪና አስመጪ ፈቃድ ሲሰጥና ሲያድስ የጋራዡን አድራሻ፣ የሠለጠኑ ባለሙያዎቹን፣ የስህተት ኮድ ማንበቢያውንና በመጋዘን ያለውን መለዋወጫ ሄዶ ማየት ይችላል። የውጭውም ዓለም መንገድ አሳይቷል። የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2020 በሰጠው ድምፅ መኪናው በገመድ አልባ የሚልከውን የጥገና መረጃ ባለቤቱና እሱ የመረጠው ጋራዥ እንዲያገኙት ወስኗል፤ ከመራጮቹ ሦስት አራተኛው ገደማ ደግፎታል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያው የሚገባ እያንዳንዱ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ማንነቱን የያዘ ዲጂታል ፓስፖርት እንዲኖረው በሕግ ደንግጓል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ ጉዳይ የሚጠብቀው ቀን አለ። መኪና ይሸጣል፤ ሁለተኛ ባለቤት ይይዘዋል፤ ሦስተኛ ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የገቡት መኪኖች ስምንት ዓመታቸው የሚሞላው በ2024 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ብዙዎቹ በመጀመሪያ ገዢያቸው እጅ አይሆኑም፤ የሚገዟቸውም አዲስ መግዛት የማይችሉ ቤተሰቦች ይሆናሉ። ባትሪው ሲገባ ምን ያህል ነበር፣ ስንት ጊዜ ተጠገነ፣ ለየትኛው ጉድለት ተጠርቶ ሳይታይ ቀረ የሚለውን የሚነግራቸው ወረቀት መዘጋጀት ያለበት ዛሬ፣ የመጀመሪያው ገዢ ቁልፉን ሲረከብ ነው።